በአንድ አጎበር ሁለት ደም

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ገንደ ቆሬ ጤና ጣቢያ፣
ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ያመላልሳል ማራገቢያ።
አባት ሂቦን ይዟት መጣ፣ በሽርጡ ጠቅልሎ፣
ጥርሷ ይንገጫገጫል፣ ባጃጅ የዋጠች መስሎ።
ሊባን ከኋላ ደረሰ፣ የእህቱን ጫማ ይዞ፣
ማስቲካ እያላመጠ፣ ግራ ተጋብቶ፣ ፈዝዞ።
አንድ አልጋ፣ አንድ አጎበር፣ በቀይ ክር የተጣፈ፣
ያው ትንኝ በዚያው ቀዳዳ ወደ ሁለቱም ያለፈ።

ጣቷን ወጋሁ፤ ጠብታዋን መስታወት ላይ ዘረጋሁ፣
ቀለም አልብሼ፣ አድርቄ፣ ዓይኔን ወደ ሌንሱ አስጠጋሁ።
ቫይቫክስ። በቀይ ቤት ውስጥ የተደላደለ እንግዳ፣
እግሩን ዘርግቶ የሚበላ፣ ኪራይ የማይከፍል ባለዕዳ።
ሊባንንም ወጋሁት። መቶ እይታ ቆጠርኩ፣ ሁለት መቶ፣
ንጹሕ ነው። ቀይ ቤት ሁሉ ተኝቷል በሩን ዘግቶ።

እናታቸው ኡባህ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«አንድ ጡት አጥብቻቸው፣ ከአንድ ድስት አብልቼ፣
ለእሷ ምን አጎደልኩባት? ለእሱስ ምን ጨመርኩ ረስቼ?»

ከመሳቢያዬ ወረቀት አወጣሁ፣
አጥኚዎች ባለፈው ወር ደማቸውን ቀድተው የላኩትን።
አልኳት፦ ከጡትም ከድስትም አይደለም፣ ኡባህ፣ ነገሩ፣
ለዚህኛው ጥገኛ የሚከፈት እጀታ አለው የደም በሩ።
ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ፣ ቅጂ ይዘን ስንመጣ፣
ለሂቦ እጀታ ደረሳት፣ ለሊባን ባዶ ዕጣ።
በዕቁብ ባዶ የወጣበት ያኮርፋል፤ በዚህ ግን ይስቃል።

ማን ያውቃል ከስንት ትውልድ በፊት፣ በየትኛው ቆላ፣
ወንድሞቿ ሁሉ ወድቀው፣ አንዲት ሴት ሳትታመም ውላ፣
ስድስት መቃብር ቆፍራ፣ ፍየሎቿን ነድታ ተሰዳ፣
ከሞት ወንፊት የተረፈውን ለልጅ ልጅ አወረሰች ወልዳ።
ያንን ባዶ ዕጣ የገዛነው በብዙ መቃብር ነው።

አጥኚዎቹ ቅጽ ነበራቸው፣ «ብሔር» የሚል ሳጥን ያለበት።
ደገኛው ይህን ያህል በመቶ፣ ቆለኛው ይህን ያህል።
ሰንጠረዡ አልዋሸም። ብቻ እነዚህ ሁለት ልጆች
በአንድ ሳጥን ገብተው ሳለ፣ በር ላይ ሲደርሱ ተለያዩ።
(እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። በሬ ክፍት ነው። ሁለቴ አንቀጥቅጦኛል።)
ዘር የምትባል ቃል ውጭ ስትጮህ ትውላለች፤
ከሌንሱ ሥር ስትገባ አንገቷን ደፍታ ትቆጠራለች።

ኡባህ ግን አንዲቱን ሰማች። «የብረት ልጅ ወለድኩ!» አለች፣
እስከ መጋላ አወራች፤ አጎበሩን ለሂቦ ብቻ ዘረጋች።

ጥቅምት ነው። ደቻቱ ደርቋል፣ አሸዋውን ተንተርሶ፣
አባት መጣ በዚያው ሽርጥ፣ ሊባንን ታቅፎ፣ ላብና እንባ ለብሶ።
ፋልሲፓረም። ያ ሌላው። እጀታ ቢኖር ባይኖር ግድ የለው፣
በሩን ትቶ፣ ጣሪያ ነቅሎ፣ ይገባል ደስ ሲለው።

ኡባህ ምንም አላለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።
ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግማሽ እውነት አስይዤ ሸኘኋት፣
«ለዚህኛው» የምትለውን ቃል ጮክ ብዬ አላሰማኋት።
ደግሞስ ያ ዝግ ያልኩት በር፣
ቫይቫክስ ራሱ አንዳንዴ በመስኮት ሲገባበት አይቻለሁ፤
ለእሷ አልነገርኳትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሊባን ዓይኑን ገለጠ።
ሂቦ ከአፏ ግማሽ ማስቲካ ቆርሳ ሰጠችው፤ እንዳላየ ሆንኩ።
«ታዲያ ይኼን ልጅ ማን ይጠብቀው፣» አለች እናት፣ «ደሙ ካልሆነ?»
ምን ልበላት? ይቺ አዲሷ ትንኝ ረግረግ አትሻም፣
የምትወልደው በሮቶሽ ውስጥ ነው፣ አልኳት። ክደኚው።

በማግሥቱ ከተረኝነት ስመለስ፣ አባት ጣሪያ ወጥቷል ማልዶ፣
የውኃውን አፍ ያስራል፣ ያንን ሽርጥ ለሁለት ቀድዶ፤
ግማሹ ለሮቶው፣
ግማሹ ከታች ላለው በርሜል።