የግራ ጆሮ

ሱቄ መርሳ ነው፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ፤
ብረት የማስረጅ ነኝ፣ ሎሚ የማጠባ።
ጺሜን ሂና ቀብቼ ዕድሜዬን ስቀንስ፣
ትናንት ለተወለደ ብረት ዓመት ሳለብስ፣
ሚስቴ ትስቃለች፦ «ያንተስ ስንት ነው?
ከራስህ ነቅለህ ነው ለብረት የምትተክለው?»

እመት ጦይባ መጣች አንድ ቀን ማለዳ፣
በጋቢ ጠቅልላ የቆየ ዕዳ፤
ባለሁለት አፈሙዝ፣ ዝንጀሮ ከማሽላ ያባረረ፣
ሰደፉ በላብና በቅቤ የጠቆረ።
የቀኝ ጆሮው አለ፣ እንደ ፍየል ቀንድ ቆሞ፤
የግራው ግን ከሥሩ የለም፣ ስብራቱ ጠቁሞ።
(ጆሮ የምንለው መቺውን ነው፣
አውራ ጣት ወደኋላ የሚስበው።)

«ማን ሰበረው?» አልኳት።
«እኔ ነኝ፣ በመጅ» አለች፤ ድምፅዋ ጠፋባት።
«የወንድሙን ደም ሊመልስ ያን ሌሊት፣
ከኩራዝ ሥር ሲቆጥር አየሁት ጥይት።
ሸለብ ሲያደርገው ግራውን መታሁት፤
ቀኙን ልደግም ስል ሽማግሌ ደረሰ፣
ነገሩ በካሣ፣ በእርቅ ተመለሰ።
ዳግም ላይነካው ማለ፤ እኔም ጋቢ አልብሼ፣
ሠላሳ ዓመት ሰቀልኩት ጉዴን ሸሽጌ፣ አልቅሼ።
አሁን ዓይኑ ጠፋ፤ በእጁ ነው የሚያየው፤
‹አንድ ጊዜ አምጪልኝ› ይላል፣ ሊዳብሰው።
ጎዶሎ አይንካ። አዲስም አይምሰለው።»

ከአይሱዙ ባሌስትራ ቆርጬ ሞረድኩት፤
እንደ ሙሽራ ጥርስ ሲያበራ ጠላሁት።
በሎሚ ነከርኩት፣ በጨው አሸሁት፣
በአህያ ፋንድያ ዘጠኝ ቀን ቀበርኩት።
ዝገቱን በአመድ፣ አመዱን በኑግ ዘይት አበስኩ፤
ከሳንቲም ጋር በኪሴ ገበያ አስዞርኩ።
ዓይን ለሌለው ቀለም ምኑ ነው? አውቃለሁ፤
እጄ ግን እንቢ አለኝ፤ ካልጠየመ አፍራለሁ።
በመጨረሻ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበትን፣
በአሸዋና በቆዳ ፈጨሁለት ጥርሱን።
«አባቱ የሳበው፣ እሱም የሳበው ይምሰል» እያልኩ፣
የማላውቀውን ሰው ጣት ብረት ላይ ጻፍኩ።

አባ ሽበሺ ተቀበለኝ፣ ግድግዳ ተደግፎ፤
ቀኙን ዳሰሰው፣ ቶሎ፣ እንደ ዘመድ አልፎ።
ግራው ላይ ሲደርስ ቆመ አውራ ጣቱ።
ጦይባ እስክትወጣ ጠበቀ ከቤቱ።
«ደህና ሠርተሃል» አለኝ። «ግን ይኼ ጆሮ ተኩስ አልሰማም፤
አረጀ እንጂ አንዲት ሌሊት አላደረም።»

ከሽርጡ ቋጠሮ ፈትቶ ትንሽ ነገር ሰጠኝ፤
ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ሞቃት፤ መዳፌ ላይ ከበደኝ።
ያ የተሰበረው።
«ከምድጃው አመድ ውስጥ አገኘሁት ያን ንጋት፤
መጁም ጭረት ነበረው። ምን ብዬ ልጠይቃት?
ንዴት በመጣ ቁጥር ይኼን ነው የማሸው።
በኋላ ንዴቱ ቀረ፤ እጄ ነው ያልተወው።»

ጥርሱ የለም። ጫፉ እንደ ሐይቅ ዳር ጠጠር ሟምቷል፤
ሎሚም ጨውም ያን ቀለም የት ያውቀዋል?

«ያንተው እዚያው ይቀመጥ፤ እሷ ደስ ይበላት።
ማወቄን አትንገራት።»

በሩ ላይ ጦይባ፣ ጀሪካኗን አዝላ፣
«አወቀ?» አለች በዓይኗ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቀስ ብላ።
ራሴን ነቀነቅኩ። «ሰው እንዳይሰማው» አለችኝ ደግሞ።

ምን እላለሁ? አገሬ መርሳ፣ ሥራዬም መርሳት ነው፤
መዳፌ ግን፣ ያ ብረት ያረፈበት፣
እስከ ዛሬ ሞቃት ነው።