ትልቁ ቁጥር

ግራዝ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ከቆመ ሰንብቷል፤
የወይዘሮ ኤርና መነጽር ብስኩቱ መጠቅለያ ላይ ተተክሏል።
«ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት! ይህን ማን ይሸከመዋል?»
ገፉት፣ እንደ ዕዳ ደብዳቤ።

«እሱ ኪሎ ጁሉ ነው፤ ጎኑን ይዩት እማማ፣
ሰማንያ ይላል ኪሎ ካሎሪው፤
ጨርቅ በክንድ ቢለካ በስንዝር፣
ቁጥሩ እንጂ ጨርቁ አይጨምር።»

«ሰማንያውስ ምን ያደርጋል?»

«እዚህ ክፍል ያደረ አንድ ሊትር ውሃ
እስኪንተከተክ ያፈላል።»

ማንቆርቆሪያውን አዩት። ብስኩቱን አዩት።
«ይቺ?» አሉ፤ ቀጭ አድርገው ሰበሯት፤
ፍርፋሪዋን በራሰ ጣት ለቀሟት።

«አርባው ለኔ ይበቃል» አሉ፣ እኩሌታዋን አቀብለው፣
«መቶ ስድሳ ሰባቱን አንቺ ውሰጂው፤
ደረጃውን ወርደሽ
ድንቼን ይዘሽ ትመጫለሽ።»