ምንጭ ይጠቀስ

ሠላሳ አንድ ዓመት ትኬት ስበሳ ኖሬ፣
ዛሬ ከልጆች ጋር ሆነ የክፍል ወንበሬ።
ማለዳ ከሁብሊ ወደ ዳርዋድ ስሳፈር፣
በጡረተኛ ቅናሽ፣ በሕዝብ ባቡር፣
ተቆጣጣሪው ልጅ፣ ሥራ ያስተማርኩት፣
«እርስዎ ይለፉ» ሲል፣ ትኬቴን ሰጠሁት።
«ኧረ ጌታዬ!» አለ። «ብሳው» አልኩኝ። በሳ።
ይህን ድምፅ ጆሮዬ ጡረታም ላይ አልረሳ።

«ሁለተኛ ዲግሪ? ፍልስፍና?» አለች
ባሳቫ፣ ሚስቴ፣ ሸሚዜን እያጠፈች።
«ሲያልቅስ ምን ትሆናለህ?» መልሱ ቸገረኝ፤
የማውቀው አንድ ነው፦ አንድ ሌሊት አለብኝ።

ሰኞ የምዕራብ ነው። «ጠርጥሩ» ይላል ሊቁ፣
«ዓይናችሁ ዋሾ ነው፣ ጆሯችሁም፤ ዕወቁ»።
ሰም እሳት አስጠግቶ፣ ቅርፁ ሲከዳበት፣
ጠረኑ፣ ቀለሙ በጣቱ ሲሟሟበት፣
«ሰምን ሰም ያልኩት ምን ይዤ ነው?» ብሎ ይተክዛል።
ልጆቹ ይጽፋሉ፤ ሰሌዳው ይሞላል።
እኔ ግን ፈገግ አልኩ። ማንም ሳያስተምረኝ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ጥርጣሬ ቀለበኝ፤
«ሚስቴ ጋ ነው ትኬቱ»፣ «ነፋስ ወሰደብኝ»፣
«ፍየል በላችብኝ»፦ ስንቱ ስንቱን ነገረኝ!

ሐሙስ የምሥራቅ ነው፤ ካያት የወረስነው፦
ኮረብታው ጨሰ እንበል፤ እሳት አለ ማለት ነው፤
ወጥ ቤት ያየ ያውቃል። ግን ጭጋግ ከሆነስ?
(ዳርዋድ በሐምሌ ይጨሳል፣ እሳት ሳይለኮስ።)
«የእውቀት በር አራት ነው» አለች ዶክተር ኒላምቢካ፣
በጠመኔዋ ጫፍ ሰሌዳውን ነካ ነካ
አድርጋ። «አንድ፣ በዓይን ማየት። ሁለት፣ ከጭስ ወደ እሳት።
ሦስት፣ ማመሳሰል። አራት፣ ምሥክርነት፤
የታመነ ሰው ቃል።»

የምዕራቡ ሊቅ ግን ይህን በር ዘግቶታል፤
«የሰው ወሬ ወሬ ነው፣ ራስህ እይ» ብሏል።
ጎኔ ያለችው ዴቪካ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ፣
«አጎቴ፣ የቱ ልክ ነው?» አለች፣ ደብተሯ ከፊቷ።
እኔ ግን ሄጄ ነበር።

አልናቫር። ዝናብ። ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ግድም።
ልጁ ዘጠኝ ቢሆነው ነው፤ የያዘው ነገር የለም፣
ከምሳ ዕቃ በቀር። «አባቴ ጋ ነው» አለኝ፣
«ከፊት ፉርጎ ውስጥ ነው»። ዓይን ዓይኔን አየኝ።
ስንቱ አባት ከፊት ፉርጎ አለ በኔ ዘመን!
በክንዱ ይዤ አወረድኩት። መብራት አረንጓዴ፣ ሄድን።

ከፊት ፉርጎ ስደርስ፣ አንድ ሰው ከመስኮት ዳር
ሁለት ትኬት ዘረጋ፦ «ልጄ ኋላ ነበር፤
አንድ ሙሉ፣ አንድ ግማሽ።» በሳሁ። ሁለቱንም።
ለምን እንደበሳሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።
ሎንዳ ላይ ወርዶ ሮጠ፣ ሐዲዱን ተከትሎ፣
ወደ ኋላ፣ በዝናብ፣ ጫማውን አንጠልጥሎ።
አገኘው? አላገኘው? ጭስም እሳትም የለኝ።
ስልክ ደወልኩ ለአልናቫር፤ ማንም አላነሣልኝ።

ይህን ጻፍኩት በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በሦስት መስመር፣
«አንድ ተቆጣጣሪ» እያልኩ፣ ራሴን ከሩቅ በማኖር።
ዶክተር ኒላምቢካ በቀይ ቀለም መለሰች፦
«ምሳሌው ጥሩ ነው። ምንጭ ይጠቀስ» አለች።

ምንጭ!
መጽሐፍ አይደል፣ ገጽ የለው፣ አታሚም የለው፤
መዝገብ የለም። ከኔ በቀር ማነው ያየው?
ቃል ያላመንኩ ሰው ነኝ፤ ቃሌን እመኑ ልበል?
ሰባት ምሽት፣ ባሳቫ «መብራት አጥፋ» እስክትል።

በስምንተኛው ጻፍኩ።
ግርጌ ማስታወሻ፣ አሥራ ዘጠኝ፦
አንድ ልጅ። ስሙን አልጠየቅኩም።
በቃል የተነገረ፤ አልናቫር፣ ሌሊት፣ በዝናብ።
እውነት ነበር።