የመስከረም ወር ንባብ

ቢሮው የሰጠኝ ስልክ ለቆጣሪ ነበር፤
ለአኃዝ፣ ለውዝፍ፣ ለደንበኛ ቁጥር።
ከሰኞ ገበያ እስከ ጦሳ እግር ድረስ
በር እያንኳኳሁ ስወጣ ስመለስ፣
ቀኝ ኪሴ ደብተር፣ ግራ ኪሴ ዳቦ፣
ከፊቴ ዳገቱ በጉም ተሸብቦ፣
"ቆጣሪ!" እያልኩኝ አምስት ዓመት ሄድኩ፤
ከቁጥር በቀር ምንም አላነበብኩ።

የጀመረኝ በሐምሌ፣ ቧንቧ ውሃ ሠፈር።
የእመት ዘይነባን ቆጣሪ ክዳኑን ከአፈር
ፈልቅቄ ጎንበስ ስል፣
መስታወቱ ላይ ቀንድ አውጣ ተኝታ፣
ሦስቱን አኃዞች በሆዷ ዘግታ።
ላነሣት እጄን ሰደድኩና ተውኳት፤
እንዳለች፣ ከነቤቷ፣ በስልኬ ቀረጽኳት።
እመት ዘይነባ ከበራፍ ላይ ሆነው፣
"ኧረ አቦ" አሉ ስቀው፣ "ቀንድ አውጣም ከፋይ ነው?"

ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ዐይኔ ዐመል ያወጣ።
ማጅራቱን በነጭ ጨርቅ የጣፈ ቁራ
ከሥጋ ቤቱ ደጅ ከደንበኛ ተራ
ሰልፍ ይዞ ቆሞ፤ አነሣሁት።
ሳማው በቀበሌው መግቢያ ሥር በቅሎ
እንደ ዘበኛ "መታወቂያ!" ብሎ፤ አነሣሁት።
የጅብ ዱካ፣ ከትምህርት ቤቱ በር፣
ልጆቹ ሳይረግጡት፣ ደለሉ ሳይደርቅ።

አደዩንስ ተዉት፣ ሁሉም ያየዋል፤
ከሥሩ ያለውን ማን ይቆጥረዋል?
ቀይ ካባ ደርቦ ባለነጥብ ጢንዚዛ፣
ከራሱ የሚበልጥ ተሸክሞ ጤዛ።
ስሟን የማላውቃት ደረተ ቢጫ ወፍ
"ቆይ" ስላት በረረች፤ ስልኬ የያዘው
ባዶ ቅርንጫፍ ነው፣ ገና የሚወዛወዘው።

አያ እብሬ፣ የመስጊዱ ዘበኛ፣
ፎቶውን ከዐይናቸው አርቀው፣ አቅርበው፣
"ይቺ ግራዋ፣ ይቺ ጭቁኝ" ይሉኛል።
አንዷ ላይ ሲደርሱ ግን ጢማቸውን ይዘው፣
"ለዚችስ እኔም ስም የለኝ፣ አንቺው አውጪላት።"
እስካሁን አላወጣሁላትም።

ይመር፣ የሥራ ጓዴ፣ "ምነው አንቺ፣ ታመምሽ?
ስልሳ ቤት ስጨርስ፣ አንቺ ሃያ ደረስሽ!"
ምን ልበለው? ልክ ነው።

ወሩ አለቀ። ፎቶው ሁሉ ወደ ቢሮ ገባ።
አቶ ሙሄ ጠሩኝ።
"ይህ የማን ነው?" አሉኝ። አጋም ላይ እስስት፣
አንድ ዐይኗ ወደ እኔ፣ አንዱ ወደ አጥሩ ውስጥ።
"የደንበኛ ቁጥሯስ? ውዝፍ አለባት?"
ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም።
አንገቴን ደፋሁ። ቁልፉን ሲጫኑ ሰማሁ፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ ዝም። ቀና አልኩና አየሁ።

ሮቢት፣ የተዘጋ ግቢ።
ከሚያዝያ ጀምሮ የቆመ ቆጣሪ፣
አራት መቶ አሥራ ሰባት።
ጠምበለሏ ቧንቧውን ሁለት ዙር ጠምጥማ፣
ከሰማይ ጠጥታ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ክፍያ፣
ነጭ በነጭ ሆናለች።

"እናቴ ናት" አሉ።
የተከለቻትን ይሁን ተክሏን፣ አልለዩልኝም።
መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ።
"ፍጆታ ዜሮ ብለሽ መዝግቢ።"
በሩ ጋ ስደርስ ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣
"ይቺን... ላኪልኝ።"

ዛሬ ጠዋት ዳውዶ፣ ስልኬ "ሞልቷል" አለኝ፤
አንዱን ካላጠፋሁ ሌላ እንደማይዝልኝ።
ከፊቴ ሸረሪት፣ በሽቦ አጥር መሐል፣
ጉሙን በድሯ አጥልላ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ውሃ ታጠራቅማለች።
ምን ላጥፋ? ቀንድ አውጣዋን? ባዶውን ቅርንጫፍ?
ጣቴ ሄዶ ሄዶ አንዱ ላይ አረፈ፦
የራሴ ፊት ነው፣ ለዓመት በዓል የተነሣሁት፣
አዲስ ቀሚስ ለብሼ።
አጠፋሁት።

ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ስልኬን ሳስተካክል
"ማነው?" አለ ከውስጥ አንድ ሰው።
"ቆጣሪ" አልኩ፣ በሹክሹክታ፣
እንዳትደነግጥ።