ስትፈልገኝ ጥራኝ

ቱሉ ዲምቱ። ብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።
አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃው አምፖል የሌለበት።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፤
ውሾችና እኔ ብቻ የቀረንበት።

ጠረጴዛዬ ላይ መዳፍ የምታክል ሰሌዳ፣
ከመርካቶ የመጣች፣ ጠርዟ የተጎዳ፤
ሥራ ሳይኖራት ሙሉ ፍጥነቷን ትጋልባለች፣
ጣቴን ሳሳርፍባት ትፋጃለች።
ልጓሟን መጻፍ ነው የእኔ ዕዳ።

ገዢው ከላይ ነው፤ ጭነት ይመዝናል፤
"ፍጠን" ይላል፣ "ቀስ በል" ይላል፤
የቺፗን ጓዳ ግን አያውቅም፣
የትኛው ቁልፍ የት እንደተሰቀለ አይጠይቅም።
ጓዳውን የማውቅ እኔ ነኝ፤
ስሞቼን አሰፍርለትና ዘወር እላለሁ፦
ማስጀመሪያ፣ ማጣሪያ፣ መቀየሪያ፣ መጠየቂያ፣ መውጫ።
አምስት ተግባር፣ አምስት ስልክ ቁጥር እንደማለት፤
ስትፈልገኝ ጥራኝ፤ ካልጠራኸኝ የለሁበት።

ነገሩ የገባኝ ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከገመቹ ነው።

ገመቹ የብሎካችን የውኃ ሞተር ጠባቂ፣
ከደረጃው ሥር በቆርቆሮ ክፍል አዳሪ፤
በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥሩን ጽፏል፦
"ውኃ ሲጠፋ ሚስኮል።"
እሱ አይደውልም፤ ሂሳብ የለው፤
አንዴ ጮኾ ሲቋረጥ ነው የሚገባው።
ማን እንደጠራው አይመረምርም፤
ይነሳል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ይመለሳል።

አንድ ሌሊት ግን ተኛ።
ስልኩ ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ።
ወይዘሮ ሙሉሸዋ ከአምስተኛ ፎቅ
ፀጉራቸው አረፋ እንደሆነ፣ በፎጣ ተጠቅልለው ወረዱ፤
ደረጃው ላይ የሰማሁትን እርግማን
አልደግመውም።

እኔም ያን ሰሞን ተኝቼ ነበር፤ ኮዴ ውስጥ ማለቴ ነው።
ቮልቴጁ እስኪረጋ ብዬ፣ መቀየሪያዋ መሃል
"ትንሽ ልረፍ" የምትል አንዲት መስመር።
ጠሪው ለካ መቆለፊያውን ይዞ ቆሞ ነበር፤
እኔ ካልነቃሁ እሱ አይለቅ፣ እሱ ካልለቀቀ ሌላው አያልፍ፤
ሰሌዳዋ ደረቀች፤
ጠቋሚው እንኳ ብልጭ ማለቱን ተወ።
በር ከፍቶልህ የቆመ ሰው እያለ
የጫማ ክር ማሰር አይጀመርም።

በማግስቱ ባልዲ ይዤ ስወርድ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣
ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘሁት፤ እጁ ግን አልቸኮለም፦
"መግቢያውን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ጋዝ እሰጣለሁ።
ሳቆም ግልብጡ ነው፣ ኢንጂነር፤
መጀመሪያ ማብረድ፣ ኋላ መዝጋት።
ቧንቧው ደርቆ ሞተሩ ከሮጠ
ራሱን ይበላል።"

ባልዲዬን እዚያው ረሳሁት።
ሽቅብ ሲሆን ቮልቴጅ ይቅደም፣ ፍጥነት ይከተል፤
ቁልቁል ሲሆን ፍጥነት ይቅደም፣ ቮልቴጅ ይከተል።
ሁለት መስመር ናቸው። ቦታ አለዋወጥኳቸው።
የሦስት ሳምንት መከራ በአንድ ሻይ ዕድሜ አለቀ።

መጠየቂያዋንም እንዳትዋሽ አድርጌ ጻፍኳት፦
ሺህ ሁለት መቶ ታዝዞ ቺፗ ሺህ ከሰጠች
"ሺህ" ብላ ትመልስ፤ ለገዢ ደስታ አትቀላምድ።
(ገመቹም "ታንከሩ ሞላ?" ሲባል
"ግማሽ" ይላል፣ ግማሽ ከሆነ።)

አሁን ሰሌዳዋ ለብ ብላለች።
የቀረችኝ መውጫዋ ናት፤
የያዘችውን ለቅቃ፣ የከፈተችውን ዘግታ፣
ያገኘችውን እንዳገኘችው ትታ
የምትሄድ።
ቀላል መስላኝ ለመጨረሻ ያቆየኋት።

ባለፈው ማክሰኞ ኮሚቴው አዲስ ፓምፕ አስገባ፤
ተንሳፋፊ ኳስ አለው፣ ውኃው ሲጎድል ራሱ ይነሳል፤
ጠሪም ተጠሪም አያሻው።
ገመቹ ሳጥኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና
"ጥሩ ነው" አለ፣ "አይተኛም።"
ቫልቩን ዘጋ፣ ቁልፉን መለሰ፣ ፍራሹን ጠቀለለ፤
በአቃቂ መንገድ ሄደ።

ጠመኔው በሩ ላይ አለ።
የሄደን ሰው ቁጥር ዝርዝር ላይ መተው ደግ አይደለም፤
አንድ ሌሊት ገዢው ይጠራዋል፣
ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃል።
እርጥብ ጨርቅ ይዤ ወረድኩ።
መጀመሪያ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ገለበጥኩ፣
ከዚያ ጠረግኩት።

ደወልኩ። አንዴ ጮኸ፤ ቆረጥኩት።
ሂሳብ የለውም፣ መልሶ አይደውልም፤
አውቃለሁ።