ሳንባ የነበረ እጅ

ሚስቴ ትቀሰቅሰኛለች ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
«እጅህ ደግሞ ጀመረው» ትለኛለች በስጋት።
ጣቶቼ በእንቅልፌ ይጨብጣሉ፣ ይለቃሉ፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው፣ ከእኔ በፊት ይነቃሉ።
ዕድሜዬን ጥርስ ስነቅል፣ ጥርስ ስሞላ ነው የኖርኩት፤
ይህን እጅ ግን አንድ መኸር፣
ሳንባ ይሁን ብዬ፣ ለአንዲት ልጅ አበደርኩት።

ኮፐንሃገን፣ የፖሊዮ ዓመት፤ የብስክሌት ኮርቻ በዝናብ ርሶ፣
አምቡላንስ ከየሰፈሩ ይመጣል፣ የሰው ልጅ አግበስብሶ።
የብረት ሳንባ ጥቂት ነው፤ ሕመምተኛው ብዙ ሆነ፤
ከየትምህርት ቤቱ ደጃፍ፣ እጅ ያለው ሁሉ ተለመነ።
ክፍያው ጥቂት ክሮነር፤ ከመስኮቱ ሥር ሲጋራ፤
ለእኔ የደረሰችኝ ቦዲል ናት፣
የዓሣ ሻጭ ልጅ፣ ዓይኗ ብቻ የሚያወራ።
አንገቷ ላይ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ ከረጢት፣
ከከረጢቱ ጫፍ እኔ፤ ሃያ ዓመት ከሁለት ወር፣ ብዙ ፍርሃት።

ከእኛ በፊት የሞቱትን ሊቃውንቱ ሲመረምሩ፣
አልካሊ በደማቸው በዝቶ፣ «ገዳዩ ይሄ ነው» ብለው መሰከሩ።
ቁጥሩ ልክ ነበር። ንባቡ ነው የሳተው።
ያልወጣ ትንፋሽ ክፉ ነው፤ ከውሃ ጋር ይጋባል፣
በደም ሥር ውስጥ ተደብቆ፣ አሲድ ልጆች ይወልዳል፤
አልካሊውማ ዘበኛ ነው፣ ኩላሊት ልኮት የደረሰ፤
ዘበኛውን ሲይዙት ሌባው፣ በጓሮ በር ገሰገሰ።

ሲስተር ዳግማር ይህን ሁሉ፣ ትራስ እያስተካከለች ነገረችን፦
«መኖር ራሱ አሲድ ነው፤ መሮጥ፣ ማሰብ፣ ዳቦ መብላት፤
ሰው ነዶ ነው የሚኖር፤ ጭሱን ማን ያውጣለት?
ሳንባ የቀን ሠራተኛ ነው፤ አሁን ስትለው አሁን ይወጣል፤
ኩላሊት ግን የርስት ዳኛ፤ መዝገብ ያገላብጣል፣
ሁለት ሦስት ቀን ቀጠሮ ሳይሰጥ መች ይፈርዳል?
ደም የሚሄደው በጠባብ ድልድይ ነው፤ ስሙ ሰባት ነጥብ አራት፤
ግራ ቀኙ ገደል ነው፤ እንግዲህ በርታ፣ ጠብቃት።»

በመጀመሪያው ሌሊት እጄ ዛለ፤ እኔ አላወቅሁም።
ግንባሯ ላብ አወጣ፣ ጉንጯ ቀላ፤ አልገባኝም።
ዓይኗ እየፈዘዘ፣ እየራቀ፣ ከእኔ ዘንድ ሊሄድ ሲል፣
ዳግማር ከረጢቱን ነጠቀችኝ፤ «አሲድ ነው! እንዲህ ጨምቅ! ቀጥል!»

በማግስቱ ታዲያ፣ ካሣ ልክፈላት ብዬ፣
አየር አዘነብኩላት፣ ሰስቼ፣ ፈርቼ፣ ቸኩዬ፤
ፖሊዮ የማራት ግራ እጇ፣ እንደ ወፍ እግር ተኮማተረች፤
ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ በዓይኗ፣ አቁም አለች።
«አሁን ደግሞ አልካሊ ነው» አለች ዳግማር፤ አልተቆጣችም፤
«ቸርነትህ በዛ፣ ልጄ። ቸርነትም ልክ ካጣ አያድንም።»

ከዚያ በኋላ ቋንቋ አበጀን።
አንድ ጥቅሻ፦ ጨምር።
ሁለት ጥቅሻ፦ ይበቃል።
ዓይኗን ስትጨፍን፦ ስለ ዓሣ አውራኝ።
ስለ ዓሣ ምን አውቃለሁ?
ስለ ጥርሳቸው ነገርኳት።

ከጎኔ የሥነ መለኮት ተማሪ፣ ለአንድ መርከበኛ እየጨመቀ፣
ጸሎት ይሁን ቁጥር ሳይለይ፣ ከንፈሩ እንደተንቀሳቀሰ ደረቀ።
እንዲህ ነጋ፣ እንዲህ መሸ፤ ስንት ሳምንት፣ አልቆጠርኩም፤
ትንፋሽ እየቆጠረ ያለ ሰው፣ ሌላ የሚቆጥርበት የለውም።

አንድ ቀን፣ በኖቬምበር፣ ከመጨመቄ በፊት፣
ሸሸ ከመዳፌ ውስጥ ያ የላስቲክ ከረጢት።
እርሷ ነች የሳበችው።
ትንሽ፤ የማንኪያ ያህል አየር፤
ማንም አልተናገረም፤ መስኮቱ ላይ ዝናብ ብቻ ነበር።

«ማንን ነው የምታስተነፍስ?» ብላኝ፣ ሚስቴ መልሳ ትተኛለች፤
አዳምጣታለሁ በጨለማ፤ ትስባለች፣ ትተነፍሳለች፤
ማንም አይጨምቅላት፣
ማንም አይቆጥርላት፤
ሰባት ነጥብ አራት፣
ሰባት ነጥብ አራት።