ጥለት ያለው ቅጠል

ከሆላንድ ነው አሉ፣ በማቀዝቀዣ ሣጥን፣
ሦስት ሸክላ ሆሊ ደረሰ ግቢያችን።
ከጉልበት አያልፍም፣ ድንክ ነው ቁመቱ፣
መሃሉ አረንጓዴ፣ ነጭ ነው ጥለቱ፣
ነጠላ ገልብጠው የሸመኑት ይመስል፣
ጫፉ ግን እሾህ ነው፣ ጣት ወግቶ የሚያቆስል።
«ዓመቱን አይረግፍም» አለች ማዳም ኑሪያ፣
«ክረምት ከበጋ ያው»፤ ክረምት የታል ሳልሚያ?

እዚህ ሰኔ ሲገባ ታንከሩ ጣሪያ ላይ
ይፈላል፤ ቧንቧው ቢከፈት፣ ለሻይ
ቅጠል ብቻ ነው የቀረው።
ሆሊ ደግሞ ቀበጥ፤ ጨው ያለው አይጠጣ፣
ሙቅ አይቀምስ።
ጀሪካን ደቀንኩ ከኤሲው ቱቦ ለሚወጣ
ጠብ፣ ጠብ።
በላብ ነው የሚለማ ይሉ ነበር መሬት፤
እኔ በኤሲ ላብ አቆየሁ አትክልት።

ሐምሌ ሲጋረፍ ግን
ነጩ ነው ቀድሞ የነደደ፣ ጥለቱ፣
እንደ ሲጋራ ወረቀት ተኮማትሮ ዳር ዳሩ።
አንዱ ሞተ። ሁለተኛውን በሙዝ ካርቶን ጋረድኩት፤
ካርቶኑ ተረፈ፣ እሱን ሸኘሁት።
የጎረቤት አትክልተኛ፣ ሩሁል፣ የሲልሄቱ ሰው፣
ባጥር ተንጠራርቶ፦ «ነጩ ምግብ አያበስልም፤
አረንጓዴው ነው የሚያበላው።»

መስከረም። ከቀረው ሥር አንዲት ቀንበጥ ወጣች፣
ጥለት የሌላት፣ ድፍን አረንጓዴ፤
በወር ውስጥ እናቷን በስንዝር በለጠች።
«ቁረጫት» አለ ሩሁል፣ «ከተውሻት ትውጠዋለች፣
ሁሉን ወደ ጥንቱ፣ ወደ ዱር ትመልሳለች።»
ማዳም ወጥታ አየች። «ወለላ፣ መቀስ አምጪ፤
ገንዘብ የከፈልኩት ለጥለቱ ነው እኮ።»

ስለ ነብር ዥጉርጉር፣ ስለ እኛ ጠይም መልክ
አንድ ጥያቄ አለ፣ ከልጅነቴ የሰማሁት፤
መልሱ ሁልጊዜ «አይሆንም» ነው።
ሆሊ ግን ለወጠው፣
ማንም ሳይጠይቀው።

ቆረጥኩ።
ቆረጥኩ እንጂ አልጣልኩም። በኒዶ ቆርቆሮ፣
ከታንከሩ ጥላ ሥር፣ ከልብስ ማስጫው አጠገብ፣
ጫፏን ማር አስነክቼ ተከልኳት።
ጠዋት ጠዋት የኤሲውን ላብ ለሁለት እከፍላለሁ፤
ግማሹ ለግቢው ባለጥለት፣
ግማሹ ዋጋ ላልወጣላት።
ሥር ማውጣቷ በዓይን አይታይም፤
ሩሁል ያስተማረኝ ዘዴ አለ፦
በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ።
በጥቅምት ስስባት መጣች። በኅዳርም መጣች፤ መለስኳት።
ትናንት፣ ጥር ሦስት፣ አንሶላ ሳሰጣ፣
ሳብ አደረግኋት።
እምቢ አለች።